ካልነኩት አይበላሽም

የመሥሪያ ቤቶቻችንን ንብረት አያያዝ የሚያሙ ሰዎች መጋዘን ገብተው አያውቁም። ሰኔ 30 ሲቃረብ፣ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን፣ ጀነሬተር ይገዛል። የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ይቆረጥለታል፤ ከነካርቶኑ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ስንት ያስወጣል? ዜሮ። ማንም ስላልጻፈው ዜሮ ነው።

መሐንዲሶች ግን ሰው ማስቸገር ይወዳሉ። ዕቃው ከተገዛበት ዋጋ ላይ የማከማቻውን፣ የፍተሻውን፣ የመለዋወጫውንና የማስወገጃውን ወጪ ደምረው የዕድሜ ልክ ዋጋው ይህ ነው ይላሉ። የጀነሬተር ባትሪ ቆሞም ኃይሉን ስለሚያጣ በየጥቂት ወሩ ቻርጅ ይደረግ፤ ናፍጣ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ይበላሻል፤ ጋስኬት ይደርቃል፤ ሞተሩም በወር አንዴ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጭነት ይዞ ይነሣ ነው የሚሉት። ለዚህ ሁሉ ሰውና ነዳጅ ሊመደብ! የእኛ ጀነሬተር ጨዋ ነው፤ ካልነኩት አይነካም።

የመጠባበቂያ ጎማውማ ተአምር ነው። ጎኑ ላይ 2319 የሚል ቁጥር ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ሆኖም ያረጃል የሚል ካለ፣ መጋዘናችን ውስጥ ጊዜ እንደሚቆም አልሰማም። የመጋዘን መመዝገቢያው፣ ቢን ካርዱ፣ «አዲስ» ካለ አዲስ ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገራት የሚገኙ ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን አይቶ፣ 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ ነበሩ ብሏል። አጥኚዎቹ የሥልጠና፣ የአያያዝና የመሠረተ ልማት ጉድለት ነው አሉ። ምን አደከማቸው? ካርቶኑን መክፈት አልነበረባቸውማ!

የእኛ ንብረት ቆጠራ በየዓመቱ ይካሄዳል። ኮሚቴው አበሉን ወስዶ፣ በካርቶኑ ቀዳዳ አጮልቆ «ጀነሬተር፣ ብዛት 1፣ ይዞታ ጥሩ» ብሎ ይፈርማል። መብራት የጠፋ ቀን ግን ጥሩ ይዞታ ላይ ያለው ጀነሬተር አልነሣም ይላል። ያኔ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ከሁለት በጀት ዓመት በኋላም ዕቃው ያለ አንድ ሰዓት አገልግሎት በሐራጅ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣል። የመሸጫው ብር በገቢ ይመዘገባል። ትርፍ ማለት ይህ ነው!

ሰኔ ሳይመጣ አንድ ልመና አለኝ። የግዢ መጠየቂያው ላይ ከነጠላ ዋጋ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ ዕቃው እስኪወገድ ድረስ በየዓመቱ የሚጠይቀው ብር፣ ከሚከታተለው ሠራተኛ ስም ጋር። ዓምዱ ካልተሞላ ግዢው አይጽደቅ።