የቁመት ክር

በጎንደር ደጋ ባለች አንዲት መንደር አንድ ደብተራ ይኖሩ ነበር አሉ። በቀን በደጃቸው የሚያልፍ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ «ጠንቋይ ነው» ስለሚባል ልጅ እንኳ በሩጫ ነበር የሚያልፈው። ሲመሽ ያው ሰው በጋቢው ተከናንቦ ይመጣና በሩን ቀስ አድርጎ ይመታል። አንዱ ሚስቱ ሾተላይ ሆናበት፣ አንዱ ዛር ሰፍሮበት፣ ሌላው እንቅልፍ አጥቶ።

ደብተራው የክርስትና ስሙን ይጠይቁታል። ከዚያ ይዞት በመጣው ፈትል ከራሱ እስከ ተረከዙ ይለኩታል፤ ክታብ ሰውን ከላይ እስከ ታች እንዲጋርድ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚሠራው። ቆዳውን ወጥረው ይፍቃሉ፣ ቁራጮቹን በጠፍር ይሰፋሉ፣ ጸሎቱን በጥቁር ቀለም፣ ቅዱሱን ስም በቀይ ይጽፋሉ። ጠልሰሙንም ይሥላሉ፤ በሐረግ መካከል ፊት ለፊት የሚያፈጡ ዓይኖች።

የልጅ ልጃቸው ቀለም እየበጠበጠች «አባባ፣ ዓይኑ ለምን በዛ?» አለቻቸው።

«ጋኔኑ የሚያየው በበሽተኛው ዓይን ነው። ይህን ሲያይ እሱንም የሚያየው እንዳለ ያውቃል። ያን ጊዜ ይሸሻል።»

ልጅቱ ሌላም ነገር አስተዋለች። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ሰይጣንና ከሃዲ ግን በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የመንደሯ ሰው በቀን ሁሉም ባለ አንድ ዓይን ነው። በሌሊት፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ሁሉም ሁለት ዓይን አለው።

ደብተራው ሲሞቱ መሬት አላወረሷትም። የተዉላት አንድ አገልግል ሙሉ ክር ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ቁመት፣ የክርስትና ስሙ በጠባብ ብራና ተጽፎ ጫፉ ላይ የታሰረበት።

አዲስ አበባ ሄዳ ሥዕል ተማረች። ጥላና ብርሃን መለየት፣ ፊትን ከየአቅጣጫው መሥራት ቻለች። እዚያም በ1932 እ.ኤ.አ. የመጣ የፈረንሳይ ቡድን ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ከግድግዳ አንሥቶ፣ በምትካቸው ቅጂ አስቀምጦ እንደ ሄደ ሰማች። ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ክታቦቻችንም በፓሪስና በለንደን በየሙዚየሙና በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እኛ በብብታችን ሸሽገን የያዝነውን ባዕድ በጠራራ ፀሐይ ዘርግቶ ያየዋል። የወሰደው ይጠየቅ። በቀን የካድነውን ግን ማን ይጠብቅልን ኖሯል?

መንደሩ አዳራሽ ሲሠራ ሠዓሊዋን አስጠራት። ዳኛው፣ ነጋዴውና ጸሐፊው «ልጃችን፣ ታሪካችንን ሣይልን። እኛን በሙሉ ፊት፤ አያትሽን ካነሣሽ ግን ዳር ላይ፣ በጎን ፊት ይሁኑ» አሏት። ሣለቻቸው። ያማረ ሥዕል ነበር፤ ሲነጋ የሦስቱም አንድ አንድ ዓይን ረግፎ ወለል ላይ ተገኘ። ቀለሙን ለውጣ ደገመች። ደግሞ ረገፈ።

ያን ጊዜ አገልግሉን ከፈተች። ስሞቹን ከየክሩ እየቆረጠች እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ክር ከወለል ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ግድግዳው ላይ አጣበቀች፤ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ የሰውየው ዓይን በሚሆንበት ከፍታ ላይ፣ አያቷ ያስተማሯትን ጥንድ ዓይን ሣለች። ፊት የለ፣ ልብስ የለ፣ ማዕረግ የለ። በሞቱ ቀን ራሷ የለካችውን የአያቷን ክር ከመካከል አቆመችው።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ዳኛው ገባና በልኩ ካሉት ዓይኖች ጋር ተፋጠጠ። ወደ ጎን ዞረ፤ እዚያም የሌላ ሰው ዓይን ነበር። ነጋዴው «ይፋቅ!» ብሎ ጮኸ። «ከየትኛው እንጀምር?» ሲሉት ጣቱን አንሥቶ መልሶ አወረደ። የራሱን ቢያሳይ ተገለጠ፤ የሌላውን ቢያሳይ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሟል። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አንድም ዓይን አልረገፈም።

አንዲት አሮጊት በከዘራ ተደግፈው ገቡ። ክሮቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ሄደው ከአንዱ ሥር ቆሙ። ክሩ ከራሳቸው በስንዝር ይበልጣል።

«ይህ የእኔ ነው» አሉ፣ ውጭ ያለው ገበያተኛ እስኪሰማ። «ራሴ የፈተልሁትን አላጣውም። ሦስት ልጅ ቀብሬ አራተኛውን ያሳደግሁበት ነው። አራተኛው ይኸውላችሁ፣ ዳኛ ሆኗል።» ወደ ሠዓሊዋ ዞሩ። «አያትሽ የለኩኝ ቀጥ ብዬ ስሄድ ነበር። አሁን ጎብጫለሁ። እንደገና ለኪኝ፣ ልጄ።»

«እዚሁ ነው፣ እማማ? እስኪመሽ አይቆዩም?»

«እዚሁ።»

ሠዓሊዋ አዲስ ፈትል አወጣች። የጸሐፊው ሚስት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና ከአሮጊቷ ኋላ ተራ ያዘች።