በፍሪዘር የቆየ ዶሮ ወጥ በማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ጠባይ፦ ቅድመ ጥናት

የጥናቱ ቦታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝ አንድ ኩሽና ነው። ናሙናው ከፋሲካ ተርፎ ፍሪዘር የገባ ዶሮ ወጥ ሲሆን የተቀመጠው በአይስክሬም ዕቃ ነው። ክዳኑ ላይ «ቫኒላ» ይላል። ጽሑፉ ልጆቹን ከማሳዘኑ በቀር በውጤቱ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።

ቀደምት ምርምሮችን ስንቃኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካዊው ፐርሲ ስፔንሰር የራዳር ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረ ቸኮላት እንደቀለጠበት ይተረካል። ቀጣሪው ሬይቴዎን በ1947 ያወጣው ማብሰያ ከሰው ቁመት የማያንስ፣ 340 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር። ግኝቱን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ቸኮላቱ በረዶ አልነበረም፤ አጥንትም አልነበረውም።

የእኛው ናሙና ይከብዳል። 12ቱ ብልቶች ድስት ውስጥ እያሉ ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን እንደሚወጣ የታወቀ ነው። ፍሪዘር ሲገቡ ግን ሁሉም አንድ ቀይ ድንጋይ ውስጥ ተቀብረው ማዕረጋቸውን ያጣሉ።

ማሽኑ በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ በሚርገበገብ ሞገድ ውሃን እያመሰ ያሞቃል። በረዶ ግን ሞገዱን እምብዛም አይቀበልም። ስለዚህ ቀድሞ የቀለጠው ዳር ራሱ እየሞቀ የመሃሉንም ድርሻ ይወስዳል፤ ክስተቱ በምጣኔ ሀብት መስክ ከዚህ በፊትም ተመዝግቧል። ዳር ያለው ቅቤ ፈልቶ ጣሪያውን ሲረጭ፣ መሃል ያለው ጭን ገና ከፋሲካ ማግስት አልወጣም። የዲፍሮስት ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው፦ ሞገዱን እያበራ እያጠፋ፣ በእረፍቱ የዳሩ ሙቀት ወደ መሃል እንዲዘልቅ ጊዜ ይሰጣል። በተግባር እንደታየው ግን የተራበ ሰው እረፍቱን እንደ ብልሽት ቆጥሮ በሩን ይከፍታል።

ዋናው ጉዳይ እንቁላሉ ነው። ባለሙያ ሴት የተቀቀለውን እንቁላል ጫር ጫር አድርጋ የምትጨምረው ቁሌቱ እንዲገባው ነው፤ ጭረቱ ግን አስኳሉ ድረስ አይዘልቅም። አስኳሉ ውስጥ የታፈኑ የውሃ ጠብታዎች ከመፍያ ነጥብ በላይ ሞቀው ሳይፈሉ ይቆያሉ፤ ጥርስ ወይም ሹካ ሲነካቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈላሉ። ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር ኒው ኦርሊንስ ላይ ባደረገው ስብሰባ የቀረበ ጥናት፣ በማይክሮዌቭ የሞቁ የተቀቀሉ እንቁላሎች ሲፈነዱ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከ86 እስከ 133 ዴሲቤል ድምፅ እንዳሰሙ አስፍሯል። አጥኚዎቹ እንቁላሎቹን ያሞቁት በውሃ ውስጥ ነበር። የቁሌት ሚና እስካሁን ክፍት የምርምር ርዕስ ነው። እንቁላሉን ለሁለት ሰንጥቆ ማስገባት አደጋውን ይቀንሳል፤ ግን ይህን ለማድረግ መጀመሪያ ከድንጋዩ ማውጣት ያስፈልጋል።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተረፈ ምግብ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሞቅ ይመክራል። በመስኩ የተለመደው መለኪያ ትንሿ ጣት ናት።

የቀረው ማን ቀድሞ ይቅመስ የሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ በወጋችን የመጀመሪያው ጉርሻ የእንግዳ ነውና። በዕለቱ እንግዳ የነበሩት ከአዲስ አበባ የመጡ እትዬ፣ የሚሽከረከረውን ዕቃ በመስታወቱ ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ድስት አይሸጥም?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው ከጥናቱ ወሰን ውጭ ሆኖ ተመዝግቧል።