ነፃ ተሳፋሪ

ልጄን ይዤ ብቻዬን ከዋሽንግተን ዳለስ ወደ አዲስ አበባ የበረርኩት 2 ዓመት ሊሞላው 3 ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ እንዳይመስላችሁ። 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ወንበር መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ተከፍሎለት ጭን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ባለቤቴ ይህን ያወቀ ዕለት ሎተሪ የወጣለት ነበር የሚመስለው። ጭኑ የእኔ፣ በረራውም 13 ሰዓት መሆኑን ግን ያሰላ ሰው አልነበረም።

የተፈቀደልኝ ሻንጣ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ ሁለት ነው። ከዚያ ውስጥ የእኔና የልጄ ልብስ ስንት ኪሎ እንደነበር አትጠይቁኝ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው መኖሩ ከተሰማ ስልክ አያርፍም። «ትንሽዬ ነገር ናት፣ ኪስሽ ውስጥ ትገባለች» የተባለችው አንዷ ዕቃ ስትመጣ የሩዝ ማብሰያ ሆና አረፈችው። (የላክሽኝ እህቴ ይህን ካነበብሽ፣ ዕቃሽ ደርሷል፤ እጀታውን ግን ልጄ ነቅሎታል።)

ፍተሻው ላይ የልጅ ወተት ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ያሳልፉታል፤ ለብቻው ይመረምሩታል እንጂ። ጡጦው እስኪመረመር ልጄ ማንም ሳያዘው ጫማውን አውልቆ ማሽኑ ውስጥ ጨመረ። አንዱ በዚያ በኩል ወጣ። ሌላው እስከ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም።

አውሮፕላን ውስጥ ከጎኔ የደረሰው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ ነበር። እኛን ሲያይ የወንበር ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበበ። ልጄ የሆስተስ መጥሪያዋን ቁልፍ ለማግኘት 10 ደቂቃ አልፈጀበትም። ሆስተሷ እየሮጠች መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ስትል «ቻው» ይላታል። ስትሄድ ደግሞ ይጠራታል። ምሳ ሲመጣ ጭኔ ላይ ልጅ፣ ልጁ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ወጥ ሆነ። ወጡ የት እንደሄደ ገብቷችኋል፤ የሸሚዙን ቀለም የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። ሰውየው «ምንም አይደል» አለ፤ ድምፁ ግን ምንም እንደሆነ ይናገር ነበር።

ዳይፐር መቀየር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ በላይ የሚታጠፍ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ሲዘረጋ ልጅ ይተኛበታል፤ እናት የምትቆምበት ግን አይተርፍም። አንድ እግሬን በሩ ላይ፣ ክርኔን መስታወቱ ላይ አድርጌ፣ ዋይፕሱን በጥርሴ ይዤ፣ የቆሸሸውን አውልቄ አዲሱን ሳላስር አውሮፕላኑ መናጥ ጀመረ። «መንገደኞች ወደ መቀመጫችሁ ተመለሱ» ተባለ። ልጄ ትእዛዝ አክባሪ የሆነው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው፤ ራቁቱን ሊመለስ ተነሣ።

ስድስተኛው ሰዓት ላይ እማማ ደረሱልኝ። አሜሪካ ልጃቸውን አርሰው የሚመለሱ እናት ናቸው።

«አምጪው እስቲ፣ ዓይንሽ ደም መስሏል። አባቱስ?»

«ሥራ ይዞት ነው፣ እማማ።»

«እንዴታ! ሥራ መቼም ወንድ ነው የሚይዝ።»

ነጠላቸውን አውርደው ልጁን አዘሉት። መተላለፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፣ አለቀ፤ ተኛ። እኔ ልጅ ብቻውን እንዲተኛ የሚያስተምር መጽሐፍ ገዝቼ፣ ወር ሙሉ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሰዓት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ።

እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ልጄ የለም። ልቤ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ስሮጥ አራት እናቶች እየተቀባበሉት አገኘኋቸው። እጁ ላይ ዳቦ፣ አንገቱ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ማተብ፣ አጠገቡ ደግሞ ባለሸሚዙ ሰውዬ ጉልበቱን ፈረስ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል።

አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ልጄ እሪ አለ። ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘው ቱቦ በልጅ ላይ ጠባብ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ሲለወጥ ያማል፤ መፍትሔው ማስዋጥ ነው። ይህን ከሐኪም ሰምቼ ነበር፤ ግን ጡጦው ከመቀመጫው ሥር ተንከባሎ ጠፍቷል። እማማ ሐኪም ሳይጠይቁ ከሦስት ረድፍ በስተኋላ «አስውጪው! ውኃ በማንኪያ!» እያሉ አዘዙ። አስዋጥኩት። ጎማው መሬት ሲነካ ድብን ብሎ ተኛ።

ቦሌ ስንደርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ገና እኩለ ሌሊት። አበባ ይዘው ለተሰለፉት ዘመዶቼ ሁሉ የጠበቁትን ልጅ ሳይሆን አንድ እግሩ ባዶ የሆነ እንቅልፋም አስረከብኩ።

የምንመለሰው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ያን ጊዜ 2 ዓመት ስለሚሞላው ሙሉ ወንበር ተገዝቶለታል። በርበሬና ሽሮ ልትልኩብኝ ያሰባችሁ፣ ቦታ የለኝም። ልጃቸውን ሊያርሱ በዚያው ሰሞን ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ እናት ካሉ ግን አደራ፣ ነጠላዎን ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።