ጥጋብማ ቢሆን ታቆም ነበር

«ሆዳም ናት» አሉ።

ሆዳም ሲበላ ደስ ይለዋል፤ እሷ እየበላች ታለቅሳለች። ሆዳም በሰው ፊት ይጎርሳል፤ እሷ በሰው ፊት ሁለት ጊዜ ቆርሳ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጇን ትታጠባለች። ቤተሰቡ ሲተኛ ግን ኮቴዋን አጥፍታ ጓዳ ትገባና መሶቡን በጨለማ ትከፍታለች። ወጥ ሳታሞቅ፣ ሳህን ሳታወጣ፣ ቆማ ትበላለች። ሆዷ ተወጥሮ እስኪያማት ድረስ ትበላለች።

«ጠግባ ነው» አሉ። ጥጋብማ ቢሆን ታቆም ነበር።

«አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል» ብለው ተረቱባት። ተረቱ የሰው ድርሻ ለሚመኝ ስግብግብ ይሁን። የታመመን ሰው ወደ ሐኪም ይወስዱታል እንጂ አይተርቱበትም።

«እንዴት ነው ይኼ? ሁላችንስ ለፋሲካ እንበላ የለ?» ይላሉ እትዬ። እንበላለን እንጂ! 55 ቀን ሁዳዴን ጾሞ በዶሮ ወጥ የገደፈ፣ በጥር ሰርግ ከድንኳን ድንኳን የዞረ፣ ክርስትና ቤት ጉርሻ በዝቶበት ቀበቶውን የፈታ ሰው ምንም ሕመም የለበትም። በልቶ፣ ስቆ፣ ተጫውቶ ይተኛል፤ በማግስቱ ይረሳዋል። የእሷ ሌላ ነው፤ መብላት ጀምሮ ማቆም የሚያቅትበት ሕመም ነው። አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ገልጾ ጽፎታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ምልክቱም ይታወቃል። በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሌላ ሰው ከሚበላው እጅግ የበዛ መብላት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማቆም እየፈለጉ ማቆም አለመቻል። ሳይርብ መብላት፣ ሳያላምጡ መዋጥ፣ እያፈሩ ተደብቆ መብላት፣ ሲያበቃ ራስን መጸየፍ። ይህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ወር ሲመላለስ ሐኪሞቹ ሕመም ነው ይላሉ። አንዲት ከበላች በኋላ እየተደበቀች የምታስመልስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት የምትጠጣ ካለች የእሷ ሕመም ሌላ ነው፤ እሱም ሐኪም ይፈልጋል፣ ያውም በቶሎ።

«እሷ? እሷማ ቀጭን ናት!» አሉ። ውፍረት ከምልክቶቹ ውስጥ የለበትም። ቀጭኑም ይታመማል፣ ወፍራሙም ይታመማል፣ ወንዱም ይታመማል። ወፍራም ያዩትን ሁሉ «ይኼ በሽታ አለበት» ማለትም ያው ስድብ ነው፤ ስሙን ብቻ ለወጠ።

ጋሼ ደግሞ ጠበቅ አድርገው ይጠይቃሉ፦ «ይኼ የሀብታም በሽታ ነው። እኛ በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት የምናውቅ ሰዎች፣ መብላት በሽታ ነው ሲሉን ምን እንበል?» የጋሼ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ የከበደ ስለሆነ በአክብሮት ልመልስ። ጋሼ፣ ረሃብ ከዚህ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም በር ይከፍትለታል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ቀለብ አኖራቸው። ከዚያ ምግብ ተፈቀደላቸው። አንዳንዶቹ ሆዳቸው ተነፍቶ እንኳ «ራበኝ» ይሉ ነበር፤ መብላት ከጀመሩ ማቆም አቃታቸው፤ ይህም ወራት ወሰደ። ጨዋ፣ ብርቱ፣ ተመርጠው የገቡ ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ካሮሊን ቤከርና ባልደረቦቿ በቴክሳስ፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ የእርዳታ እህል ከሚቀበሉ ድሆች መካከል አጠኑ። ችግሩ እጅግ በጠናባቸው፣ ልጆቻቸው ሳይቀሩ በሚራቡባቸው ቤቶች፣ ከ100 ሰው 17ቱ ሕክምና የሚሻ የአመጋገብ ሕመም ምልክት ነበረባቸው። ድሆች ናቸው፣ ጋሼ።

አሁን ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ጎጃም ልምጣ። ከደምበጫ ወይም ከቋሪት ገጠር ወጥቶ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ እንውሰድ። ከቡሬ ዙሪያም ቢመጣ ኑሮው ያው ነው። እናቱ እሑድ ስንቁን ታስይዘዋለች፦ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ለሳምንት ነው። ልጁ ሰኞ በጭንቀት ይውላል፤ ፈተና አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ከአገር ቤት የሚሰማው ወሬ አለ። ማታ ባዶ ሆዱን መጥቶ አንድ እንጀራ ይጀምራል፤ ሲነቃ የሦስት ቀኑ የለም። አፍሮ በማግስቱ አይበላም። ረቡዕ ጾም ነው፣ አይበላም። ሐሙስ ማታ የደባሉን በሶ ያወጣል። ዓርብ ጠዋት በግቢው ውስጥ «ሌባ» ተብሏል።

ይህን ልጅ ማን ጠየቀው? የተከራየበት ቤት እመቤት አልጠየቀችውም። አባቱ በጥፊ ብሎታል። ደባሉ ስንቁን በቁልፍ ዘግቶበታል። ሌብነቱን ሁሉ ሰው አየ፤ ከሌብነቱ በፊት የነበረውን የሁለት ቀን ባዶ ሆድ ግን ማንም አላየ። እኔ የምለው ልጁ ሌባ ሳይሆን ታሞ ይሆናል ነው። ቢያንስ ከጥፊው በፊት አንድ ጥያቄ ይገባዋል፦ «ስትበላ ማቆም ያቅትሃል ወይ?»

«ኮሶ ነው!» አሉ ሌሎቹ፤ ለእነሱ ነገሩ እዚያው አለቀ። ጥሩ፣ እንመርምረው። ጥሬ ሥጋ በምንበላበት አገር የኮሶ ትል መኖሩ እውነት ነው፤ ምርመራውም ቀላል ነው፤ ጤና ጣቢያ ሰገራ ይታያል፤ ትሉ ከተገኘ እንደ ፕራዚኳንቴል ያለ መድኃኒት ይታዘዛል። ነገር ግን ትል ያለበት አብዛኛው ሰው ብዙም ምልክት አይታይበትም፤ ሰውን በሌሊት ጓዳ የሚያስገባውና የሚያስለቅሰው ትል አይደለም። ደግሞ «ኮሶ ነው» ብለው ልጅቱን የዛፉን አበባ እየቀጠቀጡ በላይ በላዩ የሚያጠጡ እናቶች ይስሙኝ፦ ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ይመርዛል፤ ዓይን እስከማጥፋት እንደሚደርስ ሐኪሞች እዚሁ አገራችን አይተው ጽፈዋል። የማያቋርጥ ረሃብ ሌሎች ምክንያቶችም አሉት። የስኳር በሽታ ያስርባል፤ ውሃ ጥሙና ሽንት መብዛቱ አብሮ ይመጣል። እንቅርት ዕጢው ሲፈጥን ያስርባል፤ በጎጃም ደግሞ እንቅርት የቆየ ችግራችን ነው። እንደ ኦላንዛፒን ያሉ የአእምሮ መድኃኒቶችም የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ፤ ይህ የገጠመው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ ላዘዘለት ሐኪም ይንገር። ስለዚህ ምርመራው ይደረግ። ምርመራው ንጹሕ ሲሆን ግን «ምንም የለባትም» ብላችሁ አትመልሷት፤ ሕመሙ የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው።

«ቡዳ በልቷት ነው፤ ጠበል ትግባ» ይላሉ። ጠበሉን ትጠመቅ፤ ሐኪሙንም ትይ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«ትጹም፤ ጾም ሆድን ይገራል።» ይህን የሚሉት የንስሐ አባት ናቸውና ድምፄን ዝቅ አድርጌ እመልሳለሁ። አባ፣ ጾምን ማን ይነካል? ጾም ግን ለጤነኛ ሰው ነው የታዘዘው፤ ሥርዓታችን ራሱ ሕመምተኛን ይፈታል፣ ያንን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ይህች ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዷን ስትውል ማታ የሚመጣው ማዕበል ይብስባታል፤ በልታ ደግሞ «ጾሜን ገደፍኩ» ብላ ራሷን ትቀጣለች፤ ቅጣቷም ሌላ ባዶ ሆድ ነው። ስትነግርዎ ንስሐውን በረሃብ አያድርጉባት። ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት አለ። «ልጄ፣ ታመሻል፤ ሐኪም ያለሽን ፈጽሚ» የሚል ቃል ከእርስዎ አፍ ቢወጣ፣ እኔ መቶ ጊዜ ብጽፍ የማላመጣውን ያመጣል።

«ቁርሷን ትተው፤ በሰባት ቀን ትከሳለች» ይላል በስልክ ዱቄት የሚሸጠው። አንተ ሻጩ፣ ይህች ልጅ ቁርስ መተው ስለጀመረች ነው እዚህ የደረሰችው! የሚኒሶታዎቹን ወጣቶች ታሪክ አሁን አነበብን። ቁርስ የተወ ሰው ምሳ ይታገሣል፣ ማታ ይሸነፋል፤ በማግስቱም ዱቄትህን ይገዛል። ገበያህ የእሷ ሽንፈት ነው።

«አገር በጦርነት እየታመሰ ስለ መብላት ይወራል?» ይወራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ ዘመድ የቀበረ፣ መንገድ ተዘግቶበት የቀረ ሰው ጭንቀቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። አንዱ በአረቄ ያደነዝዘዋል፤ ለእሱ እናዝናለን። ሌላዋ በምግብ ታደነዝዘዋለች፤ በእሷ ላይ እንስቃለን። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም።

«አማኑኤል ልትወስዱኝ ነው? እብድ ነኝ?» ይህ የእሷ የራሷ ቃል ነው። የኔ እህት፣ እብድ አይደለሽም። የአዲስ አበባው አማኑኤል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙን መሰደቢያ አደረግነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ለአንቺ መንገዱ ከቅርብ ይጀምራል። የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ጤና ጣቢያውን አነጋግሪ፤ ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም አጠቃላይ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ጠይቂ፤ ካስፈለገ ደብረ ማርቆስ አለ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ። መንገድ በተዘጋበት ቀን መሄድ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ሲከፈት የምትሄጂበትን ቀን ግን ከአሁኑ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገሪ።

ስትደርሺ ደግሞ «ወፍሬያለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ቀንሺ» ብለው ይመልሱሻል። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በአእምሮ ጤና የሚሠለጥኑበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ድባቴን፣ የሚጥል በሽታን፣ ሱስን የመሳሰሉትን እንጂ ይህን ሕመም ለብቻው አያስተምርም፤ ስለዚህ ባለሙያው በስሙ ላያውቀው ይችላል። እንዲህ በይ፦ «መብላት ከጀመርኩ ማቆም አልችልም። በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ ይመጣብኛል። ተደብቄ ነው የምበላው። ከዚያ በኋላ ራሴን እጠላለሁ።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። አፍሽን ከያዘሽ ጽፈሽ ስጪው። ልሙት የሚል ሐሳብ ከመጣብሽም አምስተኛ አድርገሽ ጨምሪው፤ ያን ቀን ብቻሽን አትደሪ፤ ሐኪም ለማየትም ቀጠሮ አትጠብቂ።

«ምን ሊያደርጉልኝ?» አልሽ። ሕክምናው በዋናነት ንግግርና ልምምድ ነው። የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ፌርበርን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረጋውን መንገድ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል፤ የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2017 በባለሙያ እየታገዙ ራስን ማከምን የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ አስቀምጧል። ጅማሬው ቀላል ይመስላል፦ በቀን ሦስት ጊዜ መብላት፣ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ትንሽ ነገር መቅመስ፣ በሁለቱ መሐል ከአራት ሰዓት በላይ አለመቆየት። ቁርስ ፍርፍር፣ ረፋድ ላይ ቆሎ፣ ምሳ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሙዝ ወይም በሶ፣ ራት። የበላሽውንና በዚያ ሰዓት የተሰማሽን በደብተር ትጽፊያለሽ፤ ባለሙያው አብሮሽ ያነበዋል፤ ማዕበሉ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ሐዘን እንደሚመጣ ከደብተሩ ይወጣል። ሕክምናው የሚፈልገው ማዕበሉን ማቆም እንጂ ኪሎሽን መቀነስ አይደለም። ድባቴ ካለብሽ መድኃኒት ሊጨመር ይችላል፤ መድኃኒት ብቻውን ግን አይበቃም።

እናትየው፣ እርስዎም ይስሙኝ። መሶቡን አይቆልፉባት፤ ቁልፍ የባሰ ያስደብቃታል። ከገበያ ስትመለስ «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» ብለው አይመዝኗት። ራት ላይ አጠገብዎ ያስቀምጧት፤ የበላችውን አይቁጠሩ፤ ከበላች በኋላ ቡና እስኪፈላ አብራችሁ ቆዩ፣ የምታፍርበት ሰዓት ያ ነውና። ማታ ጓዳ ውስጥ ድንገት ቢያገኟት አይጩሁ። «ነይ፣ ከእኔ ጋር ተቀመጪ» ይበሏት።

«ሦስት ሳምንት ደህና ሆኜ ነበር፤ ትናንት ማታ ተመለሰብኝ። ዛሬ ሳልበላ ልዋልበት» አልሽ።

አይሆንም። ቁርስሽን ብዪ።