በደረሰኝ ጫካ መግባት

የኪራይ ጎጆ በደጋ ደን ውስጥ ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ተሠርቶ ለከተማ ሰው በሌሊት ሂሳብ የሚከራይ ትንሽ ቤት ነው። ከተራው ጎጆ የሚለየው በአሠራሩ ሳይሆን በነዋሪው ነው። በተራው ጎጆ የሚኖር ሰው ከዚያ ለመውጣት ገንዘብ ያጠራቅማል፤ በኪራዩ ጎጆ የሚያድረው ደግሞ እዚያ ለመግባት። ሁለቱ አንዳንዴ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ፤ አንደኛው የቤቱን ሣር የሚተካበት ቆርቆሮ በአይሱዙ ጭኖ ወደ አገሩ ይወጣል፣ ሌላው የቆርቆሮ ቤቱን ቆልፎ ሣር ፍለጋ ከኋላው ክላክስ ያደርግበታል። በዋጋ ዝርዝር ላይ ቤቱ «ቱኩል» ይባላል። ጎጆ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ቃል አያውቀውም፤ ቃሉን የሚያውቀው ደግሞ ጎጆ ውስጥ አላደገም።

በኢትዮጵያ ጫካ የመግባት ልማድ ረጅም ታሪክ ያለው ሲሆን ገቢዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። ቀዳሚው ባሕታዊው ነው። ዓለምን ንቆ፣ ቅጠል በጥሶ ሥር ምሶ እየበላ ይኖራል፤ የመመለሻ ቀን የለውም። ሁለተኛው ሽፍታው ነው። «ጫካ ገባ» ያለ ማብራሪያ ሲነገር በአማርኛ የሚታሰበው እሱ ነው፤ የሚመለሰውም በምሕረት ወይም በድል ነው። ሦስተኛውና ይህ ጥናት የሚመለከተው ዓርብ ከሰዓት ገብቶ እሑድ ጠዋት የሚወጣው ተከራይ ነው። ከሦስቱ ቀብድ የሚጠየቀውና ደረሰኝ የሚቆረጥለት እሱ ብቻ ነው። ለምን እንደሚሄድ ሲጠየቅ «አየር ለመቀየር» ይላል። እውነትም ይቀየራል፤ በ3,100 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ተከራዩ ከፍሎ የሚቀበለው አየር ትቶት ከመጣው ያነሰ ነው።

ለዚህ ግብር የሚመች ደን በአገሪቱ እንደልብ አይገኝም። ለአዲስ አበባ ከሚቀርቡት አንዱ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ወፍ ዋሻ ራሱ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል አለ። ወንጪ ደግሞ ጫካ ብቻ ሳይሆን በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ስላለው ዋኝተው ለመመለስ የሚምሉ፣ ደርሰው ውሃውን በጣታቸው ነክተው የሚመለሱ ሰዎችን ይስባል። ጥናቱ በዋናነት የሚያተኩረው ግን በባሌ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ከመንገድ ላይ ተጸጽቶ መመለስ አይቻልም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም ተቋቁሞ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፓርኩ መግቢያ በዲንሾ ጽድና ኮሶ ይቀበላሉ። ከዚያ ወዲያ የሳነቲ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። መንገዱ በሌላ በኩል ሲወርድ አስታ ለብሶ፣ በዛፍ ሽበት ተሸፍኖ የሐረና ደን ይጀምራል።

የጎጆው አሠራር የታወቀ ነው፤ ምሰሶ፣ ማገር፣ ምርግ፣ ሣር። በተራው ጎጆ መካከል ምድጃ አለ። ጭሱ ቀስ እያለ በሣሩ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ክዳኑን ያደርቃል፣ ተባዩንም ያርቃል። የኪራዩ ጎጆ ባለቤት ጭስ ደንበኛ ያስለቅሳል ብሎ ምድጃውን አስቀርቷል። በዚህም ምክንያት ደንበኛው አያለቅስም፤ ክዳኑ ውስጥ የሰፈሩትም እንደዚሁ። ዋጋውን የሚገዛው ሕግ አንድ ነው። ከተማ ሆቴል ውስጥ አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ሂሳቡ ይጨምራል፤ ጫካ ውስጥ ግን አንድ ነገር በተቀነሰ ቁጥር ነው የሚጨምረው። ቴሌቪዥኑ ሲነሳ ዋጋው ከፍ ይላል፣ መብራቱ ሲነሳ ደግሞ ይብሳል። ሁሉም ነገር የተነሳለት ጎጆ ኢኮ ሎጅ ይባላል።

ጉዞው «ቀለል ብለን እንሂድ» በሚል የጋራ ውሳኔ ይጀመራል። ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ የሚጫነው እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሁለት ደርዘን የታሸገ ውሃ፣ ረከቦት ከነሲኒው፣ ጀበና፣ ስፒከር፣ ሦስት ፓወር ባንክ፣ የአክስት ብርድ ልብስና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ነው። ወደ ጫካ ማገዶ ይዞ መሄድ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ሕጋዊ መሠረት አለው፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። ቡናው ግን ማብራሪያ አልተገኘለትም። ሐረና ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ደን ነው፤ ተከራዩ እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ከሱፐርማርኬት የገዛውን ቡና ያፈላል። ከኮሶ ጋር ያለው ግንኙነትም ተገልብጧል። ቀድሞ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ከወራት በኋላ በኮሶ ትል ሲሰቃይ የዛፉን አበባ ፍለጋ ይላክ ነበር። የዛሬው ተከራይ ሥጋውን መንገድ ላይ ገዝቶ እኮሶው ሥር ድረስ ይዞት ይመጣል።

የሰውነት ለውጡ የሚታየው ከመኪና ሲወረድ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ በአሰላ በኩል ወደ ባሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ላይ ያለ ስስ አየር ደምን እንደሚያጠነክር የሚያውቀው ተከራይ ስለዚህ ጉዳይ በቆጂን ሲያልፉ ለአብሮ ተጓዦቹ ሰፊ ገለጻ ያደርጋል፤ ዲንሾ ደርሶ ሻንጣውን ወደ ጎጆው እስኪያስገባ ድረስ ግን ሁለት ጊዜ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ማብሰልም በከፍታው ይነካል። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ እዚህ ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ምስሩ እየፈላ አይበስልም። ድስቱን የከበቡት ሰዎች በዚህ ጊዜ ጥፋቱን በከሰሉ፣ በምስሩና በመጨረሻም ምስሩን በገዛው ሰው ላይ ያደርጋሉ።

ሙቅ ውሃ በኪራይ ጎጆ ዘንድ ከውሃነቱ ይልቅ ሰዋስዋዊ ክስተት ነው። ቦታ በስልክ ሲያዝ «ሙቅ ውሃ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «አለ» ተብሎ ይመለሳል። ይህ «አለ» መኖርን እንጂ መድረስን አያመለክትም፤ ውሃውም ሙቀቱም በየፊናቸው አሉ። እንግዳው ሲደርስ ግሱ ወደ ትንቢት ይዞራል፤ «ይመጣል»። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ «እየመጣ ነው» ይሆናል፤ ባለቤቱ በተለየ ስልክ ይጠየቃል፣ አንድ ወጣት ባትሪ ይዞ ወደ ታንከሩ ሲሄድ ይታያል፣ ሲመለስ ግን አይታይም። በማግስቱ «ሌሊት መጥቶ ነበር» ይባላል። እንዲህ ባለ አኳኋን ውሃው ከትንቢት ወደ ኃላፊ ሲሻገር የአሁኑን ጊዜ ጨርሶ አይነካም። የነገሩ ምክንያት ቀላል ነው። ማሞቂያው ሶላር ነው፤ ሶላር ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጎጆው ደግሞ ፀሐይ በማያስገባ ደን ውስጥ መሠራቱ ዋነኛ መስሕቡ ነው። ማለዳ ጉም ይተኛበታል፣ ጉሙ ሲነሳ ጽዱ ይጋርደዋል። ከዋጋ ዝርዝሩ ውጪ የሆነ፣ ሳይስት የሚሠራ ሌላ ዘዴም አለ፤ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ የምትሠራ አንዲት ሴት በርሜል ጥዳ፣ በባልዲ አድርጋ በር ድረስ ታመጣለች። ይህ አገልግሎት ስም ስላልወጣለት ዋጋም አልወጣለትም።

ብርዱ ብዙዎች እንደሚገምቱት በክረምት አይብስም። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ምድሪቱን ስለሚሸፍን ሌሊቱ ይሻላል። ውርጭ የሚወርደው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ሁሉ ሲታይ ነው፤ ተከራዩም የሚመጣው ኮከብ ለማየት በዚያ ወቅት ነው። ኮከቡን ለአራት ደቂቃ ያያል። ከዚያ በኋላ የመኝታ ልብስ የሚለው ነገር ትርጉሙን ይቀይራል፤ ሰው ለመተኛት ልብሱን አያወልቅም፣ ይጨምራል እንጂ። ሁለት ሹራብ፣ ጋቢ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ፣ በመጨረሻም የተናቀው የአክስት ብርድ ልብስ። በዚህ ሰዓት ከሰሉን ወደ ጎጆው የማስገባት ሐሳብ ይነሳል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል፤ እዚህ ላይ ጥናቱ አይቀልድም።

ተከራዩ ከተማውን ለቆ የመጣው ጸጥታ ፍለጋ ነው። ጸጥታው የሚደርሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ጀነሬተሩ ሲጠፋ ነው። እስከዚያ ድረስ ስፒከሩ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ የመኪና ጩኸት፣ የጎረቤት ቡና ወቀጣና የውሻ ጥል እየሰማ ለዓመታት በሰላም የተኛ ሰው አንድ ቅጠል ሲወድቅ ተነስቶ ይቀመጣል። ከውጭ አንድ ነገር ሣሩን ይጎትታል። ያፈናጥራል። ግድግዳውን ያክካል። በዚህ ጊዜ ዘበኛው ይጠራል።

«ጋሼ! ምንድነው?»

«ምንም አይደለም ልጄ፣ ተኛ።»

የዘበኛው «ምንም» ለብቻው ጥናት የሚሻ ቃል ነው። ከከተማው «ምንም» የሚለየው አራት እግር ስላለው ነው። በባሌ ሌሊት «ምንም» የዱር አሳማ ሊሆን ይችላል፣ ድኩላ ሊሆን ይችላል፤ ጮኾ ከሳቀ ደግሞ ጅብ ነው። ዘበኛው አይዋሽም፤ እሱ ካደገበት አንጻር እነዚህ ሁሉ በእውነት ምንም አይደሉም፣ ስለነሱ ተብሎ ከተኙበት አይነሱም። ተከራዩ መልሱን ሰምቶ አመስግኖ፣ በሩን በሻንጣ ይደግፋል። ዘበኛው የሚያድረው በቆርቆሮ ክዳን ሥር ነው። ሣር ቤት ለምን እንዳልመረጠ የጠየቀው ሰው ያገኘው መልስ አንድ ቃል ነበር፤ «ያፈሳል»።

ማለዳ ላይ ሁሉም ነገር ይቅር ይባላል። ሐረናና መናገሻ ላይ ጉሬዛዎች ጎሕ ሲቀድ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ዲንሾ ላይ ከርከሮ የፊት ጉልበቱን አንበርክኮ ሲግጥ ይታያል፤ በግቢው ውስጥ ሳይነጫነጭ የሚመገበው እሱ ብቻ ነው። የደጋ አጋዘንም ከጽዱ ሥር ብቅ ይላል። ይህ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የማይገኝ እንስሳ በሳይንስ ዓለም ስም የወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ የባሌ ሰው እስከዚያ ድረስ ሳይንሳዊ ስሙን ሳያውቅ ሲያየው ኖሯል። ተከራዩ ስልኩን አውጥቶ ያነሳዋል። ፎቶው ሲወጣ እንስሳው ቡናማ ነጥብ ይሆናል፤ ከፊቱ ያለው የተከራዩ አውራ ጣት ግን በደንብ ይለያል። ፎቶውን ለመላክ ኔትወርክ ያስፈልጋል። ኔትወርክ የሚገኘው ከግቢው በላይ ባለ አንድ ድንጋይ ላይ ብቻ ስለሆነ ከስልክ ለማረፍ የመጡት ሁሉ ከቁርስ በፊት እዚያው ድንጋይ ሥር ተሰልፈው ይገኛሉ።

ከመውጣት በፊት የአስተያየት መዝገብ ይቀርባል። መዝገቡ የቋሚ ሥርዓት ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ፈጣሪ ስለሠራው ተፈጥሮ ይመሰገናል፣ ቀጥሎ ሠራተኞቹ ይመረቃሉ፣ ከዚያ «ግን» የሚል ቃል ይመጣል። ከ«ግን» በኋላ ያለው ክፍል በእጅ ጽሑፍ ረገድ ፈጠን ያለ ነው፤ ስለ ውሃ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ መብራትና በአጠቃላይ እንዳይኖሩ ተብሎ ስለተከፈለባቸው ነገሮች ያትታል። መጨረሻው ሁልጊዜ «እንመለሳለን» ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ብዙ ዕቃ ላለመያዝም ቃል ይገባል።

የመውጫ ሰዓት ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ፀሐይ ከጽዱ አናት ወጥታ ሶላሩን የምታገኘው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።