ተንቀሳቃሹ ሙዚየም

የባህል ዴሞክራሲ ማለት ሕዝብ ኪነ ጥበብን ቁጭ ብሎ ከማየት አልፎ ራሱ ይሥራው ማለት ነው አሉ። አቃቂ ቃሊቲ ይህን መመሪያው ሳይደርሰው ፈጽሞታል።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ፒያሳ ነው፤ ብሔራዊ ቴአትርም ከ1948 ዓ.ም. ወዲህ ከለገሃር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከቃሊቲ ሄዶ ቴአትር ላየ ሰው፣ የመመለሻ ታክሲ ፍለጋው ራሱን የቻለ ተጨማሪ ገቢር ነው። ሕገ መንግሥቱስ መች ረሳን! አንቀጽ 91 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲደግፍ ያዛል። አቅም ሆዬ ግን ሳሪስ አቦ ሲደርስ ይደክመዋል።

ደግነቱ የጅቡቲ መንገድ አለን። ጉምሩክ አካባቢ የተሰለፉትን ከባድ መኪኖች ከኋላ ዞራችሁ እዩ፦ ፓራፋንጎው ላይ ቅዱስ ሚካኤል፣ ከጎኑ አንበሳ፣ ዝቅ ብሎ የአርሰናል አርማ፣ ከሁሉም በታች ለምቀኛ የተላከ መልእክት። መግቢያ በነፃ። ሥዕሎቹ በየቀኑ ይቀየራሉ፤ ሰዓሊው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብቸኛው ሃያሲ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ እሱም የሚያየው ታርጋውን ነው።

ጥበባችን በመኪና ጀርባ ከመቅረቱ በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነበረው። የሚዘፈነው ከላይ ታዞ ይመጣ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ግን ሰፈር ውስጥ ነበር። ኋላ ትእዛዙ ቀረ፣ ማይክሮፎኑም አብሮ ሄደ።

ሰፈራችን አዳራሽ የለውም ማለት ግን ሐሜት ነው። አለ፤ ስብሰባ ሲኖር ይከፈታል። የነዋሪው ድርሻም ተለይቶ ተሰጥቶታል፦ ጭብጨባ።