ዝም ብሎ መሄድ

ጉንደ ወይን ላይ «ወዴት ነው?» ተብሎ «ዝም ብዬ ነው» የሚል ሰው አይታመንም። የጎንቻ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ገበያ አለው፣ ፍርድ ቤት አለው፣ ለቅሶ አለው፤ ቢያጣ ቢያጣ ጠበል አለው። ዝም ብሎ የሚሄድ ወይ ዕዳ ሸሽቷል፣ ወይ በሬ ጠፍቶበታል። ስለዚህ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን አንድ ጠዋት፣ ቁመቱን የሚያህል ሻንጣ ያዘለ ፈረንጅ ከሞጣ ከመጣው መኪና ሲወርድ፣ ከተማው የጠየቀው ማን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደጠፋበት ነበር።

ምንም አልጠፋበትም። ዝም ብሎ ነው የመጣው፤ ያውም በሁለቱም ትርጉም። ጉዳይ የለውም፣ ቃልም የለውም።

እኔ የዚህ ጥበብ አድናቂ ነኝ። አማርኛ እንደሆነ 231 ፊደል ያለው፣ ግሡን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ሰው የሚያስጠብቅ ቋንቋ ነው፤ ይህን ለመልመድ ማን ዕድሜውን ይፈጃል? የተራራ ጫማው ውሃ አለማስገባቱን ሦስት ሱቅ ዞሮ የሚያጣራ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ»ን የሚማርበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ደግሞም የጥበቡ ሊቃውንት «ፈገግታ የዓለም ቋንቋ ነው» ብለው ጨርሰውታል። እኛ ኋላ ቀሮቹ «ጥርስ ባዳ ነው» እንላለን። አላወቅንም።

የዓለም ቋንቋ በተግባር ሲነገር ለማየት የታደልኩት መኪና መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ምግብ ቤት ነው። ጥግ ላይ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። እንግዳው ገባ፣ ፈገግ አለ፣ ባለቤቷም ፈገግ አለች። እስከዚህ ድረስ ቋንቋው ሠራ። ከዚያ ሰውየው እንቁላል ፈለገ። ሁለት ክንዱን አጥፎ እያራገበ እንደ ዶሮ አስካካ። ቤቱ ሙሉ ተረዳው፤ እንቁላል መሆኑ ያልገባው ሰው አልነበረም። ያልገባው እሱ ነው። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ያውም የሁዳዴ ዓርብ። ሴትዮዋ «ሲያም! ሲያም!» አለችው በአረብኛ፤ ፈረንጅ ሁሉ አንድ ነው ብላ ይሆናል። ባይሰማት ጊዜ ጣቷን ወደ ሰማይ አነሣች፣ ጾሙ የእግዜር ነው ለማለት። እሱም ወደ ሰማይ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከሻንጣው የዝናብ ልብስ አውጥቶ ለበሰ።

እንግሊዝኛ አጥቼ አይደለም ዝም ያልኩት። የዓለም ቋንቋ ሲነገር ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ነው።

ሽሮ ቀረበለት፣ በላ። አሁን የሚያስፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «በቃኝ»። እሷንም ቢሆን በጎጃም ገበታ አንዴ ብሏት የተገላገለ የለም፤ ሦስቴ ይባላል፣ እጅም ሳህኑ ላይ ይደፋል። ሴትዮዋ ጭልፋዋን ይዛ «ጨምር እንጂ ወንድሜ፣ በሞቴ» ስትል እሱ ፈገግ ይላል። ፈገግታ ደግሞ በዚያ ሰዓት እሺ ማለት ነው። ጨመረች። ፈገግ አለ። እንጀራ ደገመች። ሲላብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የዝናብ ልብሱን እንደለበሰ።

የመኪናው ነገር ይባስ። ወደ ደብረ ማርቆስ መሄድ ፈለገና አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ረዳቱን ጠየቀለት። ረዳቱ «11 ሰዓት» አለ፣ ልጁም አንዲት ፊደል ሳያጎድል «ኢለቨን» ብሎ አስተረጎመ። እንግዳው በማግስቱ በራሱ 11፣ ማለትም በእኛ ረፋድ 5 ሰዓት፣ ሻንጣውን አዝሎ ደረሰ። መኪናው ጎህ ሳይቀድ ሄዷል። የልጁ ትርጉም ትክክል ነው፣ የረዳቱም ቃል ትክክል ነው፣ ሰዓቱም ይሠራል። እንዲህ ያሉ ተጓዦች አገራቸው ሲገቡ «በዚያ አገር ጊዜ የሚባል ነገር አይታወቅም» ብለው ሲጽፉ አንብባችሁ ከሆነ፣ ምንጩ ይህ ነው።

የቀረበትን ቀን እንዲሁ አላሳለፈውም፤ ልጁን አስከትሎ መርጡለ ማርያም ሄደ። ልጁ ኋላ እንዳጫወተኝ፣ አንድ አባት የፍርስራሹን ነገር፣ የእቴጌ እሌኒን ዘመን፣ ጀምረው ነበር። ልጁ «ኩዊን» አለ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛው አለቀ። 500 ዓመት በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ተሰጠው፣ እሱም ፎቶ አንሥቶ ተቀበለ።

«ብቻዬን ዓለምን ዞርኩ» ይባላል። እስቲ ይቆጠር። ሁለት ቀን ትምህርት የቀረበት ልጅ አለ። ወንበር የያዘለት ረዳት አለ። ፓስፖርቱን ገልብጦ አንብቦ አቃንቶ የመለሰ ፖሊስ አለ። ታሪክ ጀምረው ያቋረጡ አባት አሉ። ጭልፋ የያዘች ሴት አለች። ቋንቋ ያልያዘ ሰው የሌላውን ሰው ቋንቋ በነጻ አሸክሞ ነው የሚሄደው፤ እኛ አገር ይህ ብቻ መሆን አይባልም፣ ባለ አጃቢ መኳንንት ነው የሚባለው።

ድሮ እንዲህ ያለ ጀግና አልነበረም። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ቆሞ በኮኮናት ቅርፊት ውሃ እየጠጣ የንጉሡን የጊዮርጊስ 3ኛን ጤና ሲመኝ፣ ምንጩን ያገኘሁት እኔ ነኝ እያለ ነበር፤ ጉረኛ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት አይቶታል፣ የሰከላ ገበሬማ ከብቱን ሲያጠጣበት ኖሯል። ቢሆንም ብሩስ አረብኛ ተምሮ፣ ግዕዝና አማርኛ አጥንቶ ነው የጎረረው። ፓኤዝም እንደዚሁ። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ጀርመናዊማ ከሁሉ የባሰ ሞኝ ነው፦ አባ ጎርጎርዮስን በ1652 ጎታ ድረስ አስመጥቶ ቋንቋችንን ተማረ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ፣ አገራችንን ግን አንድ ቀንም ሳይረግጣት ሞተ። የዛሬው ተጓዥ ገልብጦታል፤ እግሩ ይደርሳል፣ ሌላው ይቀራል።

ሻንጣ አዝሎ ብቻውን መዞርን ጎጃም ከማን ተማረ እንዳይባል ደግሞ፣ የቆሎ ተማሪ አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ አንድ ዱላ ይዞ፣ ከጎንደርና ከሸዋ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ ለቅኔ ይመጣ ነበር። እሱም የሰው ደጅ ይቆማል። ሲቆም ግን «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል እንጂ አያስካካም። ዓመታት ሳይቀመጥ፣ ቅኔ ሳይቆጥር አይመለስም። ምን ያህል ጊዜ እንዳባከነ አስቡት! ዛሬ ቢሆን ሦስት ቀን ዲማ አድሮ፣ ከየኔታ ጋር ፎቶ ተነሥቶ፣ ወደሚቀጥለው አገር ይሻገር ነበር።

ስልክ አለ እኮ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ጉግል ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ አማርኛ ያስተረጉማል። ኔትወርክ ካለ ነው። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኛው ከዘመዶቻችን ጋር ዝም ብለን ከርመናል።

ለነገሩ እኛስ? ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ነቀምቴ ወርዶ፣ ባለ ሱቁ አማርኛ ባይመልስለት «ምነው ይህ ሰው?» ብሎ የሚቆጣ ወዳጅ አለኝ። 30 ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ «አካም» ከማለት አላለፈም። እሱ ጀብዱ አይለውም። ሥራ ነው የሚለው።

ወደ ምግብ ቤቷ ልመለስ። አረብኛውን ከየት አመጣችው ብዬ ጠየቅኋት። ጅዳ ነበረች። እሷም ብቻዋን ነው የሄደችው፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፣ አንድ የአረብኛ ቃል ሳታውቅ። ጀብደኛ ያላት ሰው አልነበረም። «ታዓሊ»ን በመጀመሪያው ቀን፣ «ያላ»ን በሁለተኛው ቀን ለመደች፤ ያስተማሯት ጮኸው ነው። ፈገግ ስትል «ምን ያስቅሻል?» ተብላለች። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ150,000 በላይ ሰው ስትመልስ አብራ ተመለሰች፣ ባጠራቀመችው ይህችን ቤት ከፈተች።

ያን ዓርብ ሰውየው በልቶ፣ ከፍሎ፣ የዝናብ ልብሱን እንደለበሰ በጠራራ ፀሐይ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ አየችው። አዘነችለት።

«ምስኪን» አለችኝ፣ «የማን ቤት ይሆን የሚሠራው? ፓስፖርቱንስ ማን ወስዶበት ይሆን?»

ፓስፖርቱ በትንሽ ቦርሳ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።